መንገዱ በምዕራብ፣ መስታወቱም በምዕራብ፦ ሊንቴል ላይ የደረሰ ቤት ገና ይስተካከላል

አንዲት እህት ከጎንደር፣ ከአዘዞ በኩል የላከችው ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ 200 ካሬ ላይ ባለ ሦስት መኝታ ቤት እያሰራች ነው፣ የብሎኬት ግድግዳው ሊንቴል (ከበርና ከመስኮት አናት የሚያልፈው የኮንክሪት ማሰሪያ) ደርሷል፣ መንገዱ በምዕራብ ስለሆነ ሳሎኑ ሙሉ ፊቱን በሪፍሌክቲቭ መስታወት ወደ መንገድ እንዲያይ ነው ፕላኑ የወጣው፣ ጣሪያው ኢጋ ቆርቆሮ ነው። አሁን የተከራየችበት ቤት ከየካቲት ጀምሮ ከሰዓት አያስቀምጥም፣ ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ልጆቹ ጋቢ ተከናንበው ነው የሚያጠኑት፣ አዲሱም እንደዛ እንዳይሆንብኝ ምን ላስተካክል ነው የምትለው።

እህቴ፣ ጣሪያው ሳይመታ መጠየቅሽ ጥሩ ነው፣ አሁን ብዙ ነገር በትንሽ ብር ይስተካከላል። ጎንደር ቆላ አይደለችም፣ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ችግሯ ሙቀት ብቻ ሳይሆን ቀኑና ሌሊቱ መራራቁ ነው፣ ስለዚህ የሚያስፈልግሽ የመጋቢትን ፀሐይ የሚከለክል የታኅሣሥን ደግሞ የሚያስገባ ቤት ነው እንጂ ኤሲ አይደለም።

መጀመሪያ መስታወቱ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያ የሳሎን መስታወት የተሳለው ለአላፊ አግዳሚ ነው። ሪፍሌክቲቭ ነው ብለው ያጽናኑሽ ይሆናል፣ የተወሰነውን ይመልሳል ግን ሙቀቱ ይገባል፣ ማታ መብራት ስታበሪ ደግሞ መስታወትነቱ ወደ ውስጥ ይገለበጥና አንቺ ውጪውን ሳታዪ መንገደኛው ሶፋሽን ይቆጥራል። የምዕራብ ፀሐይ መጥፎነቷ ዝቅ ብላ መምጣቷ ነው፤ መጋቢት ላይ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ከአድማስ 30 ዲግሪ ላይ ትሆናለች፣ ያኔ ከመስኮቱ በላይ 60 ሳንቲም ክፈፍ ብታወጪ የሚጋርድልሽ የላይኛውን 35 ሳንቲም ብቻ ነው፣ ሌላው ሁሉ ሶፋው ላይ ያርፋል። ካላመንሽኝ ግንበኛው 60 ሳንቲም ጣውላ ክፍተቱ አናት ላይ አግድም ይያዝልሽና በዛ ሰዓት ጥላው የት እንደሚደርስ ራስሽ እዪው።

ደቡብ ግን ሌላ ነው። ታኅሣሥ ቀትር ላይ ፀሐይ ወደ ደቡብ አዘንብላ 54 ዲግሪ ላይ ትቆማለች፣ መጋቢት ላይ 77 ትደርሳለች። ያው 60 ሳንቲም ክፈፍ ደቡብ ላይ ሲሆን መጋቢት ቀትር የ1.50 መስኮትን ሙሉ በሙሉ ይጋርዳል፣ ታኅሣሥ ላይ የላይኛውን 80 ሳንቲም ብቻ ጋርዶ በታችኛው 70 በኩል ፀሐዩን ወለሉ ድረስ ያስገባልሻል። ማሽን የለው፣ መብራት አይበላ፣ በልክ የወጣ ክፈፍ ብቻ ነው! ሰሜኑንም አትርሺው፣ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው፣ ግን ከፍ ብላ ስለሆነ ትንሽ ክፈፍ ይበቃዋል።

ስለዚህ የምዕራቡን ክፍተት በብሎኬት አጥብቢው፣ አንድ መጠነኛ መስኮትና በሩ ይቅር፣ ፊት ለፊቱ በረንዳ ይሁንና ዳሩ ላይ የወይን ሐረግ ወይ የእንጨት ርብራብ ይኑር፣ ምክንያቱም ዝቅ ያለች ፀሐይን የሚከለክለው ከፊት የቆመ ነገር ነው። ሰፊውን መስታወት ወደ ደቡብ አዙሪው። የቤቱ ፊት ባዶ ይመስላል ካሉሽ ደሞ ጠራቢ ጥሪና የምዕራቡን በረንዳ ግድግዳ በጥቁር ድንጋይ አስለብሺው፣ እዚህ አገር ድንጋይ የሚያውቅ እጅ ሞልቷል። ብር ካለሽ ማልበስ ሳይሆን ራሱን ግድግዳውን 40 ሳንቲም የድንጋይ ግንብ አድርጊው፣ መሠረቱ ይችል እንደሆነ ግን መጀመሪያ መሐንዲሱን ጠይቂ። ብሎኬት ሆዱ ባዶ ነው፣ ሙቀት ይዞ አይቆይም፤ ወፍራም ድንጋይ ግን ቀን የጠጣውን ማታ ነው የሚመልሰው፣ ጎንደር ደግሞ ማታ ነው የሚበርደው። ፋሲል ግንብ ውስጥ በሚያዝያ ቀትር ከገባሽ የምለው ይገባሻል።

ክፈፉን በኮንክሪት ከሊንቴሉ ጋር የምታስወጪ ከሆነ ካሳፎርማው (ኮንክሪቱ የሚፈስበት የጣውላ ቅርጽ) ሳይሞላ አንድ ነገር ቆመሽ አረጋግጪ፦ የክፈፉ ዋና ፌሮ ከላይ በኩል ነው መተኛት ያለበት፣ ወደ ሊንቴሉም ገብቶ መታሰር አለበት። ሠራተኛ እየረገጠው ወደ ታች ከወረደ ክፈፉ ከሥሩ ይሰነጠቃል፣ አይቻለሁም። መደገፊያው እንጨትም ከላዩ ግድግዳ ተገንብቶ ክብደት ሳያርፍበት እንዳይነሳ፣ አለዚያ ሊንቴሉን ይዞት ሊገለበጥ ይችላል። የፕላን ለውጥ ስለሆነም አርክቴክትሽ አሻሽሎት ማዘጋጃ ቤቱም ይወቀው፣ በኋላ ጣጣ አለው።

ጣሪያው ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቆርቆሮና ኮርኒስ መሀል ያለውን አየር አፍኖ መዝጋቱ ነው። ኢጋው ይግላል፣ የታፈነው አየር ይግላል፣ ኮርኒሱ ይግላል፣ በቃ ማታም አይወጣም። የጣሪያው ክፈፍ ሥር ዙሪያውን ክፍተት ይተውና ወፍና አይጥ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ ይሸፈን፣ ከፍ ባለው አናቱም ላይ መውጫ ይኑረው፣ ያኔ የሞቀው አየር ራሱ ሽቅብ ይወጣል። ከለሩን ጥቁርና ቡናማ ትተሽ ፈዘዝ ያለ ምረጪ። ኮርኒሱ ላይ የፋይበር ግላስ ምንጣፍ ከተቻለ ሁለቱንም ወቅት ይጠቅማል፣ የሐምሌ ዝናብ ጩኸትም ይቀንሳል።

መስኮቱ ስላይዲንግ ባይሆን ደስ ይለኛል፣ ግማሹ ሁሌም ዝግ ነው፤ ተከፋች ይሁንና ትይዩ ግድግዳ ላይም መስኮት ይኑር፣ አየር መግቢያ ብቻ ሳይሆን መውጫም ይፈልጋል።

አሸንዳውን ሮቶ ላይ ጣዪው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ጣሪያ ላይ 1 ሊትር ነው፣ ጎንደር በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች፣ የቧንቧውን ነገር አንቺው ታውቂዋለሽ። ቦታሽ መረሬ (ጥቁር ሸክላማ አፈር) ከሆነ ደግሞ የጣሪያ ውሃ መሠረቱ ሥር እንዳይፈስ በተለይ ተጠንቀቂ፣ መረሬ ሲረጥብ ያብጣል ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳሽን ይዞት ይሄዳል።

ያልጻፍሽልኝ ነገር በደቡብ በኩል ጎረቤትሽ ምን ያህል እንደሚርቅ ነው። 6 ሜትር የሚረዝም ፎቅ ታኅሣሥ ቀትር ላይ 4 ሜትር ከግማሽ ያህል መሬት ላይ ጥላ ይጥላል፣ ስለዚህ እዛ በኩል ሁለት ሜትር ብቻ ከተውሽና ጎረቤትሽ ፎቅ የመስራት ሐሳብ ካለው የደቡቡን ሰፊ መስኮት እርሺው፣ የልጆቹን ክፍል መስኮት ወደ ምሥራቅ አዙሪና የጠዋቷን ፀሐይ ያግኙ።