ስለ ልብ የደም ምርመራ ጠይቁኝ፣ ላብራቶሪ ነው የምሰራው

ባለማይክሮስኮፑ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ዛሬ ማታ ተረኛ አይደለሁም ስለዚህ ጠይቁ። 14 ዓመት ላብራቶሪ ሰርቻለሁ፣ ዶክተር ግን አይደለሁም፣ መድኃኒት አላዝም። አሁን ደረቱን እያመመው ያለ ሰው ይሄን ማንበቡን ትቶ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።

ዳዊት፦ ዶክተር ትሮፖኒኔ 0.02 ነው፣ ጥሩ ነው?

ባለማይክሮስኮፑ፦ ዶክተር አይደለሁም። 0.02 ምን? ዩኒቱን ጻፍ፣ ሕመሙ የጀመረህንና ደም የተወሰደበትንም ሰዓት።

ቤቲ፦ እማዬን ደረቷን ጨምድዶ ያዛት፣ እኛ ጨጓራ ነው ስንል ጎረቤት ብርድ ነው ሲል፣ በኋላ ወሰድናትና ትሮፖኒን ነጌቲቭ ነው ብለው መለሱን። በቃ ልቧ ደህና ነው ማለት ነው?

ባለማይክሮስኮፑ፦ ሕመሙ በጀመራት በስንት ሰዓቱ ነው የተቀዳችው? ይሄን ሳልሰማ ምንም አልልም። ትሮፖኒን የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚወጣ ፕሮቲን ነው ግን ወዲያው አይታይም፣ በድሮዎቹ መመርመሪያዎች ከ3 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል፣ አንዴ ከወጣ ደግሞ ሳምንትና ከዛም በላይ ይቆያል። ቶሎ ተቀድቶ ነጌቲቭ ቢሆን ምንም ስላላረጋገጠ ይደገማል። ሃይ ሴንሲቲቪቲ የሚባለው፣ ትንሹንም መጠን የሚያየው አዲሱ መመርመሪያም በ1፣ በ2 ወይ በ3 ሰዓት ልዩነት ይደገማል፣ ቁም ነገሩ ቁጥሩ ከፍ አለ ወይስ ባለበት ቆመ የሚለው ነው።

አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ድሮ የሆነ ቦታ ስሰራ የመጣልኝ ወረቀት «ሕመም የጀመረው 3:00፣ ናሙና 10:15» ይላል። ያየው ሁሉ 7 ሰዓት አልፎታል፣ ነጌቲቭ ነው፣ ይሂድ አለ። እኔ ኮሪደር ላይ ልጁን አግኝቼ ስጠይቀው «ቁርስ በልቶ እንደጨረሰ፣ 3 ሰዓት ላይ» አለኝ። በሀበሻ እኮ ነው! ማሽኑ ደግሞ በፈረንጅ ነው የሚያትመው። 7 ሰዓት ሳይሆን 1 ሰዓት ከሩብ ነው ያለፈው። ከ3 ሰዓት በኋላ ስንደግመው ቁጥሩ ተሰቅሎ አገኘነው። ከዛ ወዲህ ወረቀት ላይ ሰዓት ሳይ በሀበሻ ነው በፈረንጅ ሳልል አላልፍም፣ ሲስተሮቹን ሰልችቻቸዋለሁ።

ቤቲ፦ የኛም 1 ሰዓት የሞላው አይመስለኝም ነበር 😟 ዛሬ ከሰዓት ነው፣ አሁንም ትንሽ ትንሽ ይይዛታል

ባለማይክሮስኮፑ፦ ታዲያ እዚህ ምን ትሰሪያለሽ እህቴ?! አሁኑኑ መልሳችሁ ውሰዷት፣ መሄጃ ካጣችሁ 907 ደውሉ። ኢሲጂም (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራው) ይደገምላት።

ሳሮን ከዲሲ፦ ለፀጉሬ ባዮቲን እወስዳለሁ፣ የደም ምርመራ ያበላሻል የሚሉት እውነት ነው?

ባለማይክሮስኮፑ፦ ይሄን የሚጠይቅ ሰው ስጠብቅ ነው የቆየሁት። እውነት ነው። የአንዳንድ ማሽን ኬሚካል ራሱ ባዮቲንን ተጠቅሞ ነው የሚሰራው፣ ደምሽ ውስጥ ሲበዛ ትሮፖኒኑን ዝቅ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በፈረንጅ 2017 ያስጠነቀቀው በዚሁ ነው፣ በሐሰት ዝቅ ካለ ትሮፖኒን ጋር የተያያዘ ሞት ስለነበር። ለሰውነት በቀን 30 ማይክሮግራም ይበቃል፣ የፀጉሩ ክኒን ግን ብዙ ጊዜ 5,000 ወይ 10,000 ነው። አንዳንድ አምራቾች አስተካክለዋል፣ የናንተ ሐኪም ቤት የትኛውን እንደሚጠቀም ስለማታውቂ ድንገተኛ ክፍል ስትገቢ መጀመሪያ ንገሪያቸው። ቫይታሚን ነው መድኃኒት አይደለም ብለሽ እንዳትዘዪው።

ጌታሁን፦ ኮሌስትሮል በባዶ ሆድ ነው?

ባለማይክሮስኮፑ፦ ብዙ ጊዜ ግዴታ አይደለም። ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብ ከ400 ካለፈ ግን ኤልዲኤል (መጥፎው ኮሌስትሮል) በስሌት ስለማይወጣ በባዶ ሆድ ይደገማል።

ማሙሽ፦ እኔ ሁዳዴ መጨረሻ ላይ ተለክቼ አሪፍ ነህ ተባልኩ 😂

ባለማይክሮስኮፑ፦ 55 ቀን ቅቤ ሳትነካ? ከፋሲካ በኋላ ሁለት ወር ቆይተህ ተለካ።

ጌታሁን፦ ቅቤ ምንም አያደርግም ባካችሁ፣ አያቴ በቅቤ 90 አልፋለች

ማሙሽ፦ አያትህ በእግሯ ገበያ ትወርዳለች፣ አንተ ለአንድ ፌርማታ ራይድ ትጠራለህ

ጌታሁን፦ የረጋ ዘይት ነው የሚገድለን፣ ቅቤን ተዉት

ሳሮን ከዲሲ፦ ሁለቱም ያው ሳቹሬትድ ናቸው እኮ

ባለማይክሮስኮፑ፦ ቅቤና ዘይት ሌላ ቦታ። የደም ጥያቄ ያለው?

ሊያ፦ ሙሉ ምርመራ ተሰርቼ ሁሉም ኖርማል ነው ተባልኩ፣ ትሮፖኒንም አብሮ አለበት አይደል?

ባለማይክሮስኮፑ፦ የለበትም። ሙሉ የምትሉት አብዛኛውን ጊዜ ሲቢሲ ነው፣ የደም ሴል ቆጠራ፣ ስለ ልብ ደም ስር አይነግርሽም። ትሮፖኒንም ቢሆን አሁን የተጎዳ ጡንቻ አለ ወይ ነው የሚመልሰው፣ ለወደፊቱ ስጋት ሊፒድ (የደም ስብ)፣ ስኳርና ግፊት ይታያል። ሊፖፕሮቲን ኤ የሚባል ኮሌስትሮል ተሸካሚም አለ፣ ከዘር ስለሚወረስ በዕድሜ አንዴ መለካት ይበቃል፣ ቤተሰብ ውስጥ በወጣትነቱ በልብ የሞተ ካለ ጠይቂ።

ዳዊት፦ ዩኒቱ ናኖግራም ፐር ሚሊ ሊትር ይላል

ባለማይክሮስኮፑ፦ ሰዓቱስ? ደግሞ ትሮፖኒን ቲ (T) ነው ወይስ ትሮፖኒን አይ (I)? ሃይ ሴንሲቲቪቲ ቲ ከሆነ ገደቡ በሊትር 14 ናኖግራም ነው፣ ያንተ 0.02 ወደ ሊትር ሲቀየር 20 ናኖግራም ነው። ሌላ ዓይነት ከሆነ ገደቡም ሌላ ነው። ወረቀቱን ይዘህ ዛሬውኑ ያዘዘህ ሐኪም ጋ ሂድ፣ እዚህ አትጨቅጭቀኝ።

ፍቅር፦ ደረቴን ይወጋኛል ምን ላርግ

ባለማይክሮስኮፑ፦ ከላይ የመጀመሪያውን አንብብ። ድንገተኛ ክፍል።

ቤቲ፦ ደርሰናል፣ ኢሲጂ አነሷት፣ ደሟንም ደግመው ወሰዱ። የጀመራት 8 ሰዓት ላይ ነው ብዬ ነግሬያቸዋለሁ፣ ጽፈውታል

ባለማይክሮስኮፑ፦ በሀበሻ መሆኑን ነግረሻቸዋል?

ቤቲ፦ ወይኔ። ቆይ