ሴንሰርህ አልተበላሸም

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ያየሁት ትናንት ማታ ነው። በባለ 30 አምፔር ኤሲኤስ712 የከረንት ሴንሰርና በአርዱይኖ (ኮድ የሚጫንባት ትንሽ ቦርድ) የቡና መፈልፈያ ሞተር የሚያባክነውን ኃይል ለመለካት የመመረቂያ ፕሮጀክት ይዘሃል። ሞተሩ ጠፍቶ እያለ 0.3 አምፔር ያነብብሃል። «ፎርጅድ ሸጠውኝ ይሆን?» ነው ያልከው።

መጀመሪያ ሂሳቡን እንየው። ይሄ ሴንሰር ለአንድ አምፔር 66 ሚሊቮልት ይሰጣል። አርዱይኖው 5 ቮልቱን ለ1024 ሲከፋፍለው አንዷ ደረጃ ወደ 4.9 ሚሊቮልት ትሆናለች። ያስደነገጠህ 0.3 አምፔር እንግዲህ አራት ደረጃ ብቻ ነው! ትንሽ ኖይዝ (የኤሌክትሪክ ረብሻ) እዚያ ያደርሰዋል። ዜሮውን 512 (የ1024 ግማሽ) ብለህ ኮዱ ላይ አትጻፈው፤ ሞተሩ ጠፍቶ የሚመጣውን ቁጥር አማካይ ወስደህ ቀንሰው። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አንድ ዙር 20 ሚሊሰከንድ ነው። ሙሉ አሥር ዙር ሰብስበህ አስላ። ትራንስፎርመር ያለው ፓወር ሰፕላይ ከሆነም ከሴንሰሩ አርቀው። ያንተው ኤሲኤስ712 የሆል ሴንሰር ነው፤ የሆል ሴንሰር ደግሞ መግነጢሳዊ መስክ ነው የሚያየው፤ መስኩ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም።

እኔ ከዚህ የባሰ ተሸውጄ አውቃለሁ። እዚሁ ጅማ አንድ ቡና መፈልፈያ ቤት ገብቼ የሞተሩን ሦስት ሽቦዎች አንድ ላይ በክላምፕ ሜትር (ሽቦ አቅፎ ከረንት በሚለካው) አቀፍኳቸው። ሞተሩ እያጓራ ሜትሩ ዜሮ ይላል! የሦስቱ መስክ እርስ በርሱ ተጣፍቶ ነው። አንድ በአንድ ስለካ ሁሉም 30 አምፔር አካባቢ፣ ደህና ናቸው። ግን ከብሬከሩ በኩል የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ይመጣል። የመልቲሜትሩን ሁለት ጫፎች በአንዱ መገጣጠሚያ ወዲህና ወዲያ ሳደርግ 3 ቮልት አነበብኩ። 30 በ3፣ 90 ዋት። ከአንድ የላላ ብሎን! መብራት አጥፍተን በካቻቢቴ አጠበቅነው። እንደገና ሲነሳ ንባቡ ወደ ሚሊቮልት ወረደ።

ያንን ብሎን የአንተ ሴንሰር በጭራሽ አያየውም። ሽቦው ጠበቀም ላላ፣ የሚያነበው ያንኑ ከረንት ነው። ስለዚህ ቮልቴጁንም በተመሳሳይ ቅጽበት ለካ፤ በየቅጽበቱ አባዝተህ አማካዩን ውሰድ። ያኔ ፓወር ፋክተሩም (ከሚሳበው ከረንት ምን ያህሉ ሥራ ላይ እንደሚውል የሚያሳየው ቁጥር) ይወጣልሃል። ከ0.7 ወደ 0.95 በካፓሲተር ብታነሳው፣ ለዚያው ሥራ የሚሄደው ከረንት ሩብ ያህል ይቀንሳል፤ የሽቦው ብክነት በከረንቱ ስኩዌር ስለሚሄድ 46 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ይሄ ግን የመስመሩ ነው። በሞተሩ ሆድ ውስጥ ያለውን ብክነት ካፓሲተር አይነካውም፤ ፈታኞችህ እዚህ ጋ ነው የሚይዙህ።

በል አሁን የሠራኸውን ፎቶ አንሳና እዚሁ ለጥፍልን። ፓወር ሰፕላዩ የት እንደተቀመጠ ይታይ።