መልስ፦ የዶክተር ዶናልድ ታን ምርምር ለልጅዎ ምን ይፈይዳል?

ጤና ይስጥልኝ። የሲንጋፖሩ የኮርኒያ (የዓይን የፊተኛው ግልጽ ሽፋን) ቀዶ ሐኪም ዶናልድ ታን ስለ ማዮፒያ (ሩቅ ያለውን አጥርቶ ያለማየት ችግር) ያደረጉት ምርምር ለምን በብዛት እንደሚጠቀስ፣ እዚህ ሐዋሳ በየዓመቱ መነጽሯ ለሚወፍረው የ9 ዓመት ልጅዎም ይጠቅም እንደሆነ ጠይቀዋል።

እንደ እኔ ግምት የጥናት ክብደት የሚታወቀው ሐኪሞች በሚያዙት መድኃኒት ላይ ባመጣው ለውጥ እንጂ በተጠቀሰበት ብዛት አይደለም። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት 400 ልጆችን ለ2 ዓመት ተከታትለው 1 በመቶ አትሮፒን (የዓይን ብሌንን የሚያሰፋ መድኃኒት) ጠብታ የማዮፒያን መባባስ እንደሚገታ አሳዩ፤ ይሁን እንጂ ይህን ጠብታ የሚወስድ ልጅ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ደብተሩን ሲያቀርብም ፊደሉ ይደበዝዝበታል። ስለዚህ በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሁለተኛ ጥናት 0.5፣ 0.1 እና 0.01 በመቶ የሆኑትን መጠኖች አነጻጸሩ። ያልተጠበቀው ነገር የታየው ጠብታው ከተቋረጠ በኋላ ነው፤ ጠንካራውን የወሰዱት ልጆች ማዮፒያ ፈጥኖ ሲያገረሽ፣ ደካማውን በወሰዱት ላይ ግን የማገርሸቱ ነገር እምብዛም አልነበረም። በኋላ በሆንግ ኮንግ የተደረገ ጥናት 0.05 በመቶ ከ0.01 በመቶ የተሻለ እንደሚገታ ስላሳየ የመጠኑ ጉዳይ ዛሬም ያከራክራል።

በኮርኒያ በኩል ደግሞ ሙሉውን ከመቀየር ይልቅ የታመመውን ንብርብር ብቻ የሚተካውን ቀዶ ሕክምና ካስፋፉት አንዱ ናቸው።

ከመድኃኒት ቤት የሚገኘውን ጠንካራ አትሮፒን በቤትዎ በውኃ ለማቅጠን እንዳይሞክሩ አደራ እላለሁ፤ መጠኑን የሚወስነው ልጅቷን የመረመረው የዓይን ሐኪም ነው።