ሸክላ የሠራ መንደርና ሸክላ የገዛ መንደር፦ ለአርኪዮሎጂ ተማሪዎች

ውድ ልጆቼ፣

በቅርቡ ከእናንተ አንዷ፣ «በመካከለኛው ዘመን መንደር ቁፋሮ ብዙ ገል ሲገኝ፣ ሸክላው እዚያው የተሠራ እንጂ ከገበያ የተገዛ እንዳልሆነ በምን ይታወቃል?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። በቃል የሰጠኋት መልስ አጭር ነው፤ ነገር ግን ጥያቄዋ ዛሬም ድረስ የሚቆጨኝን አንድ ቦታ ስላስታወሰኝ፣ ሰፋ አድርጌ ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

የገል ብዛት ብቻውን ምንም አያስረዳም። እንስራ ከወንዝ ሲመለስ፣ ድስትም ምድጃ ላይ እንዳለ ይሰበራልና ሸክላ ገዝቶ የሚጠቀም መንደርም በመቶ ዓመት ውስጥ የገል ክምር መተዉ አይቀርም። ሠሪውን ከገዢው የሚለየው ማንም ገንዘብ የማያወጣበት ዕቃ ነው፤ እሳት ውስጥ የተጣመመ፣ ከጎኑ ካለው ጋር የተጣበቀ፣ ለገበያ ሳይደርስ የፈነዳ። ጥቂት የተንጋደደውማ ዋጋው ተቀንሶ ይሸጣል፤ እናቴም ጀበና ስትገዛ በጣቷ አንኳኩታ ድምፁን ሳትሰማ ብር አትፈታም ነበር።

በዚህ በኩል የእንግሊዝ ገጠር የታደለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1086 የተጠናቀረው የንጉሥ ዊልያም የርስት መዝገብ ሸክላ ሠሪዎችን የሚጠቅሰው በሦስት ቦታዎች ብቻ ስለሆነ፣ በመዝገቡ ብቻ የሚሄድ ሰው ሙያው እምብዛም ያልነበረ ይመስለዋል። መሬቱ ግን ሌላ ነገር ተናግሯል። እ.ኤ.አ. በ1967 በኑኒተን ከተማ አጠገብ በቺልቨርስ ኮተን በተጀመረው ቁፋሮ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን አንሥቶ የተሠራባቸው ከ40 በላይ የሸክላ ማቃጠያ እቶኖች ተገኝተዋል። በሮኪንግሃም ደን ውስጥ በነበረውና ኋላ ባዶ በቀረው የላይቭደን መንደር ደግሞ ሸክላው የሚሠራበት ቤት፣ እቶኑና የውዳቂው ክምር ከመኖሪያው አጠገብ ተገኝተዋል። በሳልስበሪ አቅራቢያ ያለው ላቨርስቶክ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ለክላረንደን ቤተ መንግሥት ያቀርባቸው የነበሩት ያጌጡ ማንቆርቆሪያዎች የታወቁ ናቸው። አፈሩና ማገዶው በቅርብ የሚገኙበት ገጠር ለዚህ ሥራ ከከተማ ይልቅ የተመቸ ነበር። የእቶኑ ግድግዳና ወለል ደጋግሞ ስለሚቃጠል አፈሩ መግነጢሳዊ ምልክት ይይዛል፤ የፊዚክስ ሊቁ ማርቲን ኤትከን እ.ኤ.አ. በ1958 እዚያው እንግሊዝ በዋተር ኒውተን የሮማውያን ዘመን እቶኖችን ሳይቆፈር በመሣሪያ ያገኘው በዚሁ ምክንያት ነው።

እኔም በወጣትነቴ እዚያው አገር ይህን ተምሬ፣ እቶን መፈለግ የማውቅ ባለሙያ ነኝ ብዬ ተመለስሁ። የእኛ አገር ሸክላ ሠሪዎች ግን ዕቃቸውን በገላጣ ቦታ ስለሚያቃጥሉ ግድግዳም ሆነ የእሳት መግቢያ የሚባል ነገር አይተዉም። እንግዲያው የ14ኛው ክፍለ ዘመን የአማራ ወይም የትግራይ መንደር ሸክላ ይሠራ እንደነበር በምን እንለየዋለን?

መልሱን ለማግኘት ወደ አንዲት አዛውንት ሸክላ ሠሪ ሄድሁ። እኚህ እናት ከአንድ የደጋ ገበያ ከተማ ወጣ ብለው ይኖሩ ነበር፤ ጉልበታቸው ደክሞ ሥራውን ካቆሙ ቆይተዋል፤ ዕድሜ ልካቸውን ያቃጠሉበት ቦታም ሣር ለብሶ ነበር። ዕቃውን እንዴት እንደሚደረድሩ፣ ኩበቱንና እንጨቱን እንዴት እንደሚያለብሱ፣ በላዩም ከቀድሞው ቃጠሎ የተረፈ ትልልቅ ገል እንደሚደፉበት በከዘራቸው እያሳዩ ነገሩኝ። ይህን ልብ በሉ፤ ገሉ የተጣለ ቆሻሻ ሳይሆን ደጋግሞ እሳት የሚገባ የሥራ ዕቃ ነበር።

በፈቃዳቸው አንዲት ትንሽ ጉድጓድ ከፈትሁ። የወጣው ነገር ዐይን የማይሞላ ነበር፤ አመድ የተቀላቀለበት አፈርና ከሥሩ ከጣት ውፍረት የማይበልጥ የቀላ መሬት። አፈሩን ስነፋው ግን ወንፊቱ ላይ ትንንሽ፣ ክብ፣ ጠርዛቸው የሳሳ የሸክላ ቅርፊቶች ቀሩ። የዕቃው ገላ ውስጥ የቀረ እርጥበት በእሳቱ እንፋሎት ሆኖ ሲወጣ እንዲህ ያለ ቅርፊት ፈንቅሎ ይጥላል። እኚያ እናት አንዱን አንሥተው አገላብጠው አዩና፣ «ይሄ ሳይደርቅ የገባ ነው፤ የክረምት ሥራ» አሉኝ። ገዢ ቤት ውስጥ ሊገኝ የማይችለው ምልክት ይኸው ነበር።

ቦታው በሙሉ፣ እርሳቸው በሕይወት ሳሉና እያንዳንዱን ነገር እየነገሩን እንዲቆፈር ለምሠራበት መሥሪያ ቤት ጥቂት ገንዘብ ጠየቅሁ። የተሰጠኝ መልስ «የቆመ ሰው አመድ ቅርስ አይደለም» የሚል ነበር። የናቁት አመዱን ብቻ አይመስለኝም፤ በአገራችን ሸክላ ሠሪ ስትሰደብ ኖራለች፣ ዳግማዊ ምኒልክም ሠራተኛን በሙያው መሳደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ደብዳቤው ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ቦታው ለቤት መሠረት ተቆፈረ፣ አፈሩም በመኪና ተጭኖ ተወሰደ፤ ብዙም ሳይቆይ እርሳቸውም ዐረፉ። የዚያን ያህል ዓመት የሠራ ቦታ ምን ያህል አመድ እንደሚከማችበት፣ ቅርፊቱ ከእሳቱ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ውዳቂው የት እንደሚደፋ ለክተን ቢሆን ኖሮ፣ ለጥንቱ መንደር መመዘኛ ይሆነን ነበር።

የዛሬ ልጆች ገል ማጠብ አትወዱም፤ ድሮን ለማስነሣት የምትሽቀዳደሙትን ያህል ወንፊት ለመያዝ ስትሽቀዳደሙ አላየሁም። በሌላ በኩል፣ ያኔ ከእናንተ አንዳችሁ ያንን ስልካችሁን ይዛችሁ አጠገቤ ብትኖሩ፣ የእኚያን እናት ድምፅና እጅ ይዘን እንቀር ነበርና ብዙም ልወቅሳችሁ አልችልም።

ስለ አፈር ምርመራም አንድ ነገር ልጨምር። ገሉን በስሱ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ በማየት በውስጡ ያለውን የድንጋይ ቅንጣት ከአካባቢው አፈር ጋር ማነጻጸር ይቻላል፤ አብዛኞቹ ሸክላ ሠሪዎች አፈራቸውን ከ7 ኪሎ ሜትር ባልራቀ ቦታ እንደሚያመጡም የሸክላ ሠሪዎችን ኑሮ ያጠናው አንትሮፖሎጂስት ዲን አርኖልድ ከብዙ አገሮች መረጃ ሰብስቦ አሳይቷል። ይህ ግን አካባቢውን እንጂ መንደሩን አይለይም፤ ጎረቤት መንደሮች አንድ ዓይነት አፈር ሊጠቀሙ ይችላሉና።

እንግዲህ ልጄ፣ አንቺ ወደምትቆፍሪበት መንደር ስትመለሺ፣ ጉድጓድሽን የቤቶቹ መሠረት ላይ ብቻ አትክፈቺ። እኚያ እናት እሳታቸውን ከጎረቤት የሣር ክዳን አርቀው፣ ነፋሱ ጭሱን ከመንደሩ በሚያወጣበት በኩል ነበር የሚያነዱት፤ ስለዚህ ከመንደሩ ዳር፣ ከዚያው ወገን ጀምሪ። ወንፊትሽ ዐይኑ ጠባብ ይሁን፤ ቅርፊቶቹንም ከሌላው ገል ለይተሽ፣ የወጡበትን ቦታና ጥልቀት ጽፈሽ ለብቻ አስቀምጪ።