የፖሊንግ ጊዜውን «ጨመርነው» ወይስ «አራዘምነው»?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። በአንድ መሥሪያ ቤት የኔትወርክ ባለሙያ ነኝ። በየቅርንጫፉ ያሉትን ራውተሮችና ስዊቾች (ኔትወርኩን የሚያገናኙትን መሣሪያዎች) በኤስኤንኤምፒ፣ ማለትም መሣሪያዎችን ስለ ሁኔታቸው በኔትወርክ በምንጠይቅበት ደንብ፣ እንከታተላለን። ሰርቨራችን መሣሪያዎቹን በየጊዜው እየዞረ ይጠይቃል፤ ይህን ፖሊንግ እንለዋለን። ሲስተሙ ስለተጨናነቀ አስተካከልነውና ለኃላፊዬ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የፖሊንግ ጊዜውን ወደ 5 ደቂቃ ጨመርነው፤ ጫናውም ቀነሰ። ሁሉም መሣሪያ በ5 ደቂቃ ይጠየቃል። መልስ የማይሰጠውን 3 ጊዜ እንዲሞክር አድርገናል።» ኃላፊዬ ግን «ጨምራችሁ እንዴት ይቀንሳል?» አሉኝ። አማርኛዬ ነው ችግሩ?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሰዋስውዎ ትክክል ነው። ኃላፊዎም ያለ ምክንያት አልጠየቁም። ጣጣው ያለው «ጊዜ» ከ«ጨመረ» ጋር ሲገናኝ ነው።

«ጊዜ» በአማርኛ ሁለት ነገር ይሸከማል። «ብዙ ጊዜ ወሰደ» ስንል ርዝመት ነው። «3 ጊዜ ደወልኩ» ስንል ደግሞ ቁጥር ነው። እርስዎ «የፖሊንግ ጊዜውን ጨመርነው» ሲሉ በአንዱ ጥያቄና በሚቀጥለው መካከል ያለውን ርቀት ማለትዎ ነው። ኃላፊዎ የሰሙት ግን «ብዙ ጊዜ እንዲጠይቅ አደረግን» የሚለውን ነው። ሁለቱ ፍጹም ተቃራኒ ናቸው። በመጀመሪያው ሰርቨሩ ያርፋል፣ በሁለተኛው ይጨናነቃል።

መፍትሔው ቅርብ ነው። ለርቀቱ «አራዘመ» እና «አሳጠረ» ይበሉ። «ጨመረ» እና «ቀነሰ» ለቁጥር ይቅሩ። «ከአንዱ ጥያቄ እስከ ሌላው ያለውን ጊዜ ከ1 ወደ 5 ደቂቃ አራዘምነው» ቢሉ ማንም አይሳሳትም። አጠር ማድረግ ካማረዎት «ቀድሞ በየደቂቃው ይጠይቅ ነበር፤ አሁን በየ5 ደቂቃው ይጠይቃል» በቂ ነው። እኔ ይህን ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ቁጥሩ ራሱ ይናገራላ! «አዘገየነው» እንዳይሉ ብቻ። እሱ ጥያቄው ከሰዓቱ አለፈ የሚል ስሜት ይሰጣል፣ ወቀሳም ያመጣል።

«ጨመረ» እና «ቀነሰ» ሌላም ጠባይ አላቸው። «ዋጋው ጨመረ» እንላለን፤ «ነጋዴው ዋጋውን ጨመረ» እንላለን። ግሱ ያው ነው፤ እዚህ አድራጊ መኖሩን የምናውቀው በ«ን» ነው። «ረዘመ» እና «አራዘመ» ግን በመልካቸው ይለያያሉ። ስለዚህ «ጫናው ቀነሰ» የሚለው ዓረፍተ ነገርዎ ማን እንደቀነሰው አይናገርም። ከዚያ የባሰው ደግሞ የማን ጫና እንደሆነ አለመናገሩ ነው። የሰርቨሩ ነው? የመስመሩ ነው? የራውተሩ ፕሮሰሰር ነው? በእርስዎ ሥራ ሦስቱም የተለያየ መድኃኒት አላቸው፤ ስለዚህ ባለቤቱ ይጠቀስ።

አሁን ወደ «በ5 ደቂቃ» እንምጣ። «በየ5 ደቂቃው» መደጋገምን ይነግረናል፤ እንደ «በየቀኑ» ነው። «በ5 ደቂቃ» ደግሞ ሥራው የሚፈጀውን ጊዜ ነው፤ «ቡናውን በ5 ደቂቃ አፈላችው» እንደምንለው። ይህች «የ» የምትባል ፊደል ለእርስዎ ሥራ ትልቅ ዋጋ አላት። ሰርቨሩ በየ5 ደቂቃው መጠየቅ ከጀመረ፣ አንዱን ዙር ከ5 ደቂቃ በታች መጨረስ አለበት። ካልጨረሰ ዙሮቹ ይደራረባሉ፣ ግራፉም ይቆራረጣል። እንግዲህ ጥሩ ሪፖርት ሁለቱንም ይጽፋል፦ «በየ5 ደቂቃው ይጠይቃል፤ አንዱን ዙር በ3 ደቂቃ ይጨርሳል።» ሁለተኛውን ቁጥር የማይጽፍ ሪፖርት ጎዶሎ ነው እላለሁ።

ዙሩን ከሚያረዝሙት አንዱ እዚያው ሪፖርትዎ ውስጥ አለ። «3 ጊዜ እንዲሞክር» ብለዋል። ሲስተሙ ላይ ያስገቡት ሪትራይ (የድጋሚ ሙከራ ቁጥር) 3 ከሆነ፣ የብዙዎቹ ፕሮግራሞች ትርጉም «3 ጊዜ ይደግማል» ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ስለዚህ በድምሩ የሚሞክረው 4 ጊዜ ነው። «ሞከረ» ጠቅላላውን ይቆጥራል፤ «ደገመ» ከመጀመሪያው በኋላ ያለውን ብቻ። ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስልዎት። ታይምአውቱ፣ ማለትም ለአንድ ጥያቄ መልስ የሚጠበቅበት ጊዜ፣ 5 ሰከንድ ከሆነ፣ አንድ የጠፋ ራውተር 20 ሰከንድ ይበላል። መብራት ሄዶ 30 ራውተር ቢጠፋና ሰርቨሩ በተራ ቢጠይቅ 600 ሰከንድ ነው፤ 10 ደቂቃ መሆኑ ነው። የ5 ደቂቃው ዙር እዚያው ሞተ ማለት ነው።

እዚሁ ላይ «ራውተሩ አልመለሰም» የሚለውንም ይጠንቀቁ። ኤስኤንኤምፒ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው በዩዲፒ ነው፤ ይህም መረጃው መድረሱን ሳያረጋግጥ የሚልክ ዘዴ ነው። ጥያቄው ወይም መልሱ መንገድ ላይ ቢጠፋ ዩዲፒ መልሶ አይልክም። ራውተሩ መልሶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «መልስ አልደረሰንም» ማለት ለእውነቱ ይቀርባል፤ ንጹሕ ራውተርም አይከሰስም።

«በአንድ ጊዜ እንዲጠይቅ አደረግን» የሚለውም በባለሙያዎች ሪፖርት ውስጥ ይበዛል። ብዙ መሣሪያዎችን እኩል መጠየቅ ከሆነ «ጎን ለጎን» ይሻላል። ከአንድ መሣሪያ ብዙ መረጃ ጠቅልሎ ማምጣት ከሆነ ደግሞ «በአንድ ጥያቄ» ይበሉ። ሁለተኛው ጌትባልክ የሚባለው የኤስኤንኤምፒ ትእዛዝ ሥራ ነው፤ በሳተላይት ለሚገናኝ ቅርንጫፍም ትልቅ እፎይታ ነው። ጥያቄው ደርሶ መልሱ እስኪመለስ 0.6 ሰከንድ ይፈጃል እንበል። ባለ 48 ፖርት (የገመድ መሰኪያ) ስዊች ከየፖርቱ 10 መረጃ አንድ በአንድ ቢጠየቅ 480 ምልልስ ነው። 288 ሰከንድ ማለት ነው፣ ለአንድ ስዊች ብቻ! በአንድ ጥያቄ 20 መረጃ ከመጣ 24 ምልልስ ይሆናል፤ በ15 ሰከንድ ውስጥ ያልቃል።

አልጠየቁኝም እንጂ አንድ ነገር ልጨምር። ጊዜውን ወደ 5 ደቂቃ ሲያራዝሙ፣ በየፖርቱ ያለፈውን መረጃ በባይት የሚቆጥሩትን ቆጣሪዎች ይመልከቱ። ባለ 32 ቢት ቆጣሪ 4,294,967,295 ላይ ሲደርስ ከዜሮ ይጀምራል። መስመሩ ሙሉ በሙሉ ከተያዘ፣ በ100 ሜጋቢት ፖርት ይህ የሚሆነው 6 ደቂቃ ሳይሞላ ነው። በ1 ጊጋቢት ግን በ34 ሰከንድ ገደማ ነው። ሰርቨሩ ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲመለስ ቆጣሪው ደጋግሞ ዞሮ ይጠብቀዋል። ግራፉ ዝቅ ይላል፤ ሪፖርት ጸሐፊውም «ትራፊኩ ቀነሰ» ብሎ ይጽፋል። ትራፊኩ አልቀነሰም፤ ቆጣሪው ነው ከዜሮ የጀመረው። በ64 ቢት ቆጣሪ ከተጠቀሙ ይህ አያሳስብዎትም። በኤስኤንኤምፒ የመጀመሪያው ቨርዥን ግን እሱም ጌትባልክም የሉም። ስለዚህ የትኛውን ቨርዥንና የትኛውን ቆጣሪ እንደሚጠቀሙ በሪፖርቱ ላይ በግልጽ ይጻፉት።