«ልጄን ፀሐይ ላውጣው ወይስ ምች ይመታዋል?»

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ወንዱ ልጄ 16 ወር ሆነው። እስካሁን አይሄድም፤ ጥርሱም ሁለት ብቻ ነው። ሲጠባ ጭንቅላቱ በላብ ይርሳል። አማቴ «ምች ይመታዋል» ብለው ደጅ እንዳይወጣ ስለከለከሉ፣ ጠዋት ጠዋት በመስኮት የምትገባዋን ፀሐይ ነው የማሞቀው። ካሮትና ብርቱካን አላሳጣውም። የጎደለው ቫይታሚን ይኖር ይሆን? ከፋርማሲ የቫይታሚን ሽሮፕ ገዝቼ ልስጠው?
የጨነቃት እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ያልጻፍሽልኝ ነገር አለና መጀመሪያ እሱን እይልኝ። የልጅሽን እጅ ያዢ። አንጓው ላይ ወፈር ብሎ አምባር ያሰረ ይመስላል? ደረቱን በጣትሽ ዳብሺው። የጎድን አጥንቶቹ ጫፍ ላይ እንደ መቁጠሪያ የተደረደሩ እብጠቶች አሉ? እርግብግቢቱስ አሁንም ሰፊ ነው?

በ16 ወር አለመሄድ ብቻውን አያስደነግጥም። እስከ 18 ወር የሚቆዩ ጤነኛ ልጆች አሉ። ከጥርሱ፣ ከላቡና ፀሐይ ካለማግኘቱ ጋር ስደምረው ግን ሪኬትስን እጠረጥራለሁ። በቫይታሚን ዲ እጥረት የሚመጣ የአጥንት መለስለስ ነው።

ካሮቱንና ብርቱካኑን አታቋርጪ። ካሮት በቫይታሚን ኤ ዓይኑን ከዳፍንት ይጠብቅለታል፤ ብርቱካን በቫይታሚን ሲ ድዱን ያጠነክርለታል። ዲ ግን ሁለቱም ውስጥ የለም። የእንቁላል አስኳል፣ ጉበት፣ እንደ ሳርዲን ያለ ቅባታም ዓሳ ውስጥ አለ፤ ከዚያ ብዙም አይገኝም። የጡት ወተት እንኳ በዲ በኩል ድሃ ነው። ዋናው ምንጭ ቆዳችን ነው፤ ፀሐይ ሲነካው ራሱ ይሠራዋል። ዲ ካነሰ አንጀት ካልሲየሙን በደንብ አይቀበልም። ወተት ብታጠጪውም አብዛኛው ካልሲየም ዝም ብሎ ያልፋል። አጥንቱ ያድጋል እንጂ አይጠነክርም፤ ልጁ ሲቆምበት ይጎብጣል።

መስኮቱ ብዙ እናቶችን ያሳስታል። ብርሃኑና ሙቀቱ ይገባል፤ ቆዳ ዲ የሚሠራበትን ጨረር ግን መስታወቱ ያስቀረዋል። ስለዚህ ያ ሁሉ ጠዋት አልጠቀመውም። አንቺ ላይ አልፈርድም፤ ማንም ካልነገረሽ በምን ታውቂያለሽ?

እኔ እያወቅኩም ደርሶብኛል። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ነርስ ሆኜ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። እናቴ ልታርሰኝ መጥታ መጋረጃውን ዘጋች፣ ሕፃኗን በጋቢ ጠቀለለች። ሥራ ከገባሁ በኋላም ልጄ እንደዚያው ቤት ውስጥ ትውል ነበር። በ14 ወሯ ሳል ይዟት ወደ ሥራ ቦታዬ ወሰድኳት። አብራኝ የምትሠራ ጓደኛዬ እጇን ይዛ ዝም አለች። ከዚያ አንጓዋን ወደ እኔ አዙራ አሳየችኝ። በየቀኑ የማጥበው እጅ ነው፤ አላየሁትም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ የማንንም ልጅ ስቀበል መጀመሪያ የምይዘው አንጓውን ነው።

አማትሽ ክፉ አላሰቡም። ምችን ከእናቶቻቸው የሰሙት ነው፤ እኔም ደጄ ላይ ዳማከሴ አለኝ። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ሌላው ምች ነው፤ የሳንባ ምች። ሪኬትስ ያለበት ልጅ የጎድን አጥንቱ ይለሰልሳል፣ ጡንቻው ይደክማል። አክታውን አስሎ ማውጣት ያቅተዋል። በኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት አለ። የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት ውስጥ 210ሩ ሪኬትስ ነበረባቸው። ለማነጻጸር ከታዩት ሌሎች 500 ሕፃናት ግን የነበረባቸው 20 ብቻ ናቸው። ይህ የሆነው እዚሁ አዲስ አበባ ነው፣ ፀሐይ ደጅ ሞልታ። ይሄን ቁጥር ባሰብኩ ቁጥር አንጀቴን ይበላኛል። እስቲ ለአማትሽ ቀስ ብለሽ ንገሪያቸው።

ሽሮፑን በራስሽ አትግዢ። ዲ ከልክ ሲያልፍ ደም ውስጥ ካልሲየም ያበዛል፣ ኩላሊትም ይጎዳል። በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ወይም የሕፃናት ሐኪም ጋ ውሰጂው። አንጓውን ራጅ ያነሱታል፤ ደሙንም ሊያዩት ይችላሉ። ሪኬትስ ከሆነ መጠኑን እነሱ ያዙለታል። በጊዜ የታከመ ሕፃን ጎበጥ ያለ እግሩ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ እያደገ ሲሄድ ይቃናል፤ የእኔዋ ልጅ ዛሬ ሯጭ ናት። ሌላ ልጅ ስትወልጂ ደግሞ ገና ከጅምሩ ጠይቂ፤ እስከ አንድ ዓመት በቀን 400 ዩኒት ዲ በጠብታ ሊታዘዝለት ይችላል።

ፀሐዩን ግን ከነገ ጀምሪ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ አውጪው። መጀመሪያ 10 ደቂቃ፣ ከዚያ እየጨመርሽ እስከ 30። ልብሱን አውልቂለት፤ ፊቱንና ዓይኑን ከልዪለት። ቅባቱን ስትመለሱ ትቀቢዋለሽ። በረንዳሽ መስታወት ከሌለውና ፀሐይ ከደረሰው መውረድም አያስፈልግሽም። ነፋስ ካለ ጥግ ያዢ።

አማትሽንም ይዘሻቸው ውጪ። ዕድሜ ሲገፋ ቆዳ ዲ የመሥራት አቅሙ ስለሚቀንስ ፀሐይዋ ለእሳቸውም ታስፈልጋለች። እጅጌያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ልጁን እሳቸው ይታቀፉት። የራጁን ውጤት ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።