እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾምኩ ክብደት ለምን ጨመርኩ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ነዎት? ዕድሜዬ 46፣ ክብደቴ 86 ኪሎ ነው። ባለፈው ወር በባዶ ሆድ ስኳሬ 112፣ የሦስት ወሩ አማካይ (HbA1c) ደግሞ 6.1 መጣ። «ቅድመ ስኳር ነው፣ ክብደት ይቀንሱ» ተባልኩ። መድኃኒት አልጀመርኩም። የሥራ ባልደረባዬ በቀን 16 ሰዓት ሳልበላ እንድውል ትመክረኛለች። እኔ ግን ዐቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሜ፣ ለፋሲካ ስመዘን ሁለት ኪሎ ጨምሬ ተገኘሁ። ልሞክረው ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ ይሞክሩት። ግን መጀመሪያ ስለ እነዚያ ሁለት ኪሎዎች እናውራ።

በባዶ ሆድ ከ100 እስከ 125፣ የሦስት ወሩ ከ5.7 እስከ 6.4 ሲሆን ቅድመ ስኳር እንላለን። ቆሽትዎ ኢንሱሊን፣ ማለትም የደም ስኳርን የሚቀንሰውን ሆርሞን፣ ያመርታል፤ ጉበትና ጡንቻዎ ግን እንደ ድሮው አይታዘዙለትም። ሆድ አካባቢ የተከማቸው ስብ ሲቀንስ መታዘዝ ይጀምራሉ።

ለክብደት ከሆነ ሰዓቱ ብቻውን ተአምር የለውም። ፋስቲንግን (ባልደረባዎ እንዳሉት ለሰዓታት ሳይበሉ መቆየትን) ምግብ ከመቀነስ ጋር ያነጻጸሩ ጥናቶች በአብዛኛው ተቀራራቢ ውጤት ነው ያገኙት። የሚያከሳው በቀኑ የሚገባው ምግብ ማነሱ ነው።

አሁን ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንምጣ። አንዱ እንጀራ ተዘርግቷል፣ ሌላው ተጠቅልሎ ከጎን ተቀምጧል። ሽሮው ላይ ዘይት ይንሳፈፋል። ቀጥሎ ሻይ በዳቦ፣ ሻዩ ሦስት ማንኪያ ስኳር አለው። ማታ ደግሞ «ቀኑን ሙሉ አልበላሁም» ብለን እንደግማለን። (እኔም ቤት ያው ነው፤ ባለቤቴ ይህን ካነበበች ትስቃለች።) በቀን አራት እንዲህ ያለ ሻይ ከጠጡ ወደ 50 ግራም ስኳር ገባ ማለት ነው።

ጥፋቱ የጾም ምግቡ አይደለም። ምስር፣ አተር፣ ሽሮ፣ ጎመን ለእርስዎ ጥሩ ናቸው። ብቻ ወጡ ይብዛ፣ እንጀራው ይነስ። ጎመኑንና ምስሩን አስቀድመው ይብሉ።

ሌላም ነገር አለ። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ቅድመ ስኳር ያለባቸው ወንዶች ቀኑን በጠዋት ጀምረው ከዘጠኝ ሰዓት በፊት በልተው እንዲጨርሱ አደረገ። ክብደታቸው ሳይቀንስ ሰውነታቸው ለኢንሱሊን የበለጠ ታዘዘ። ሰዎቹ ስምንት ብቻ ስለነበሩ ብዙ አልመካበትም። ግን ይገርመኛል፦ እነሱ መብላት ባቆሙበት ሰዓት ነው እኛ የምንጀምረው።

ስለዚህ ከጾም ወቅት ውጭ ቁርስዎን ጠዋት አራት ሰዓት፣ የመጨረሻውን ምግብ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ያድርጉ። በማይበሉባቸው ሰዓታት ውሃ፣ ስኳር የሌለው ቡና ወይም ሻይ ይፈቀዳል። ከከበደዎት በ12 ሰዓት ጾም ይጀምሩ፤ ማታ አንድ ሰዓት የበላ ሰው ጠዋት አንድ ሰዓት ቁርሱን ይበላል። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት፣ ወይም ኢንሱሊን ወይም ግሊበንክላሚድ የተባለውን የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር፤ ስኳሩ በድንገት ሊወርድበት ይችላል።

ግብዎ 6 ኪሎ ይሁን። በ2002 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነው ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ግቡ የክብደትን 7 በመቶ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ ነበር። ወደ ስኳር በሽታ የመሸጋገር ዕድልን በ58 በመቶ ቀንሷል። ከታክሲ ሁለት ፌርማታ ቀድመው ወርደው ፈጠን ብለው መራመድም ይቆጠራል።

ከሦስት ወር በኋላ ምርመራውን ይድገሙና ቁጥሩን ይጻፉልኝ።